የአሮጌው ዘበኛ ርክክብ

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ መጽሔት ላይ ብዕር የምናነሣ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ነው። ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስ፥ ስለ መምህራን ማርፈድ ያልተጻፈ የለም። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱም የስርቆት ወይም የጠብ አይደለም፤ የችኮላ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ካፈሰስሁት ውስጥ ሳልለቅመው የቀረ አለ። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። የትኛው ሕንጻ እንደ ሆነ አልናገርም፤ የማያውቅ አይጠይቅ፥ የሚያውቅም ዝም ይበል። ክፍሎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ 60 ኮምፒዩተር የሚይዝ ታላቅ፥ ሁለተኛው 12 ብቻ የሚይዝ ታናሽ። በየክፍላቸውም ጥግ፥ ከባዶ የወረቀት ካርቶኖች በስተ ጀርባ፥ ቀንና ሌሊት የሚያጉረመርም አንድ አንድ አሮጌ ሣጥን ነበራቸው። ይህ ሣጥን ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣችሁ ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ስትጽፉ፥ ማንነታችሁን የሚመረምረው ፊት ለፊታችሁ ያለው ኮምፒዩተር አይደለም። እርሱ ጥያቄውን በሽቦ ወደ ጥጉ ሣጥን ይልካል፤ ሣጥኑም መዝገቡን ገልጦ «አውቀዋለሁ፤ ይግባ» ወይም «አላውቀውም፤ ይመለስ» ይላል። እንግዲህ የግቢ በር ላይ የሚቆም፥ በእጁም የስም መዝገብ የያዘ ዘበኛ ነው ማለት ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ይህን መዝገብ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ብሎ ሰይሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር አወጣው፤ ዛሬም በየአገሩ ያሉ ብዙ ቢሮዎች፥ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች በእርሱ ይሠራሉ።

የእኛ ሁለት ዘበኞች አርጅተው ነበር። የሚሠሩበት ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር 2፥ ኩባንያው መደበኛ ጥገናውን ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፥ በእኛ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍንለት የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር የታናሹ ክፍል ሣጥን ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በተነሣም ጊዜ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ስለዚህ መለወጥ ነበረባቸው፤ በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ እንዴት ይለወጡ በሚለው ላይ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ እኛ ረዳቶቹ ጋሼ የምንላቸው፥ ኬብል ሲያስሩ እንደ ሹሩባ የሚያስጌጡ፥ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። አዲሶቹ ሰርቨሮች በመጡ ጊዜ እኔ ገና ካርቶኑን እየቀደድሁ «ጋሼ፤ አሮጌውን ነቅለን አዲሱን በንጹሕ እንጀምር፤ በግማሽ ቀን ያልቃል» አልኋቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው ሳያዩኝ «ልጄ፤ መጀመሪያ ርክክብ ያስፈልጋል» አሉ። ርክክብ የሚለውን ቃል የማውቀው ንብረት ክፍል ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ እየተቆጠረ ሲፈረም ነው፤ በማሽንና በማሽን መካከል ርክክብ ሲባል ግን የሽማግሌ ወግ መሰለኝ። በልቤም ሳቅሁ።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ለቅሶ ደርሰው ለመምጣት ወደ አገር ቤት ሄዱ። ሲሄዱም «እስክመለስ ምንም አትንካ» አሉኝ። እኔ ግን ሲመለሱ ሥራውን ጨርሼ ባስደንቃቸው የሚል ምኞት አደረብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የታናሹን ክፍል አሮጌ ሰርቨር ነቀልሁ። አዲሱን ተከልሁ፤ ለዶሜይኑ የድሮውን ስም ሰጠሁት፤ የተማሪዎቹንም ስም ከወረቀት ላይ እያየሁ አንድ በአንድ እንደ ቀድሞው አድርጌ ጻፍሁ። 12ቱንም ኮምፒዩተሮች ከአሮጌው አላቅቄ ከአዲሱ ጋር አገናኘሁ። ከዚህም አልፌ፥ ክፋቴን ልናዘዝና፥ አሮጌው ሣጥን ለልምምድ ይሁነኝ ብዬ ዲስኩን ጠርጌ አጸዳሁት። ማታ ወደ ዶርሜ ስመለስ እንደ ድል አድራጊ ነበርሁ።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎች ገቡ። ስማቸውን ጻፉ፤ አዲሱ ዘበኛም አስገባቸው። ነገር ግን ሁሉም ያገኙት ባዶ ቤት ነው። በዴስክቶፑ ላይ የነበረው ፋይል የለም፤ የመረጡት ሥዕል የለም፤ አንድ ተማሪ ለአማርኛ መጻፊያ ያስተካከለው እንኳ ጠፍቷል። አንዲት የአራተኛ ዓመት እኅታችን ሁልጊዜ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ኮምፒዩተር ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን ትጽፍ ነበር። ብድግ ብላ ወደ እኔ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፤ ጽሑፌ የት ሄደ?» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ስሟ በመዝገቡ ላይ ፊደሉ ሳይቀር ትክክል ነበረና።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝና ላብራራው። እኛ ሰዎች የምንተዋወቀው በስም ነው። ነገር ግን በአንድ ክፍል ሦስት ተስፋዬ እንደሚኖር ሁሉ፥ ስም ለዊንዶውስ አያስተማምነውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው መዝገቡ መጀመሪያ በተጻፈበት ሰዓት ኤስ አይ ዲ የሚባል ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ኤስ-1-5-21 ብሎ ይጀምርና፥ ዶሜይኑን የሚለዩ ሦስት ትልልቅ ቁጥሮች ይከተሉታል፤ በመጨረሻም የግለሰቡ ተራ ቁጥር ይመጣል። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ፕሮፋይል የሚባለው የተማሪው ቤት፥ ይኸውም ዴስክቶፑ፥ ሰነዱና ምርጫው ሁሉ፥ የተያያዘው ከስሙ ጋር ሳይሆን ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። በር ላይ የተጻፈው ስም ቢሆንም ቁልፉ ቁጥሩ ነው።

እኔ አዲስ ዶሜይን ስፈጥር ሦስቱ ትልልቅ ቁጥሮች አዲስ ሆኑ። ስለዚህ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ፥ በዊንዶውስ ዓይን ሰውየው ሌላ ሆነ። ልክ አንድ ዘበኛ በጡረታ ሲወጣ መዝገቡን ይዞት ሄዶ፥ አዲሱ ዘበኛ የነዋሪውን ስም ብቻ ከሰው ጠይቆ እንደ መጻፍ ነው። ነዋሪው ይገባል፤ ነገር ግን እንደ እንግዳ ይቆጠርና ባዶ ክፍል ይሰጠዋል።

ጋሼ ማክሰኞ ተመለሱ። ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስቀምጡ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ኮምፒዩተር ተቀመጡና የሲን ዲስክ ከፍተው ዩዘርስ የሚለውን ማኅደር አሳዩኝ። በዚያም የልጅቷ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር፤ አንዱ ስሟ ብቻ፥ ሁለተኛው ስሟ፥ ነጥብና የዶሜይኑ ስም ተጨምሮበት። «አየህ፤ አሮጌው ቤቷ አልፈረሰም፤ አዲሱ ዘበኛ የእርስዋ መሆኑን ስለማያውቅ ሌላ ሠራላት» አሉኝ። ማኅደሩ ለአዲሱ ቁጥሯ አልከፈትም ብሎ ነበር፤ ባለቤትነቱንና ፈቃዱን አዛውረው ጽሑፏን አወጡት። ልጅቷ ሦስቱንም ምዕራፍ አንድ በአንድ ከፍታ ካየች በኋላ ብቻ ተነፈሰች። በዚያ ሳምንት ሁለታችን እስከ ሌሊት እየተቀመጥን የሌሎቹንም እንዲሁ አወጣን።

የአንድ ሰው ግን አልወጣም። እርሱ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። ለጥናቱ ሰባት ሽማግሌ ሸማኔዎችን በየቤታቸው እየሄደ ጠይቆ፥ የነገሩትን ጽፎ ይዟል። ስማቸውና ገመናቸው እንዳይወጣ ቃል ስለ ገባላቸው፥ የድምፁን ቅጂ አጥፍቶ ጽሑፉን በዊንዶውስ መቈለፊያ ቈልፎት ነበር። ይህ መቈለፊያ ኢ ኤፍ ኤስ ይባላል፤ ቁልፉም በተማሪው አሮጌ ፕሮፋይል ውስጥ ከአሮጌው ማንነቱ ጋር ታስሮ የተቀመጠ ነው። ፋይሉ በዓይናችን ይታያል፤ ነገር ግን ሊከፈት አልቻለም። በዶሜይን ውስጥ ለእንዲህ ያለው ቀን ትርፍ ቁልፍ እንዳለ ጋሼ ነገሩኝ፤ በተለየ ካልታዘዘ በቀር ትርፉ ቁልፍ የሚቀመጠው በመጀመሪያው ዶሜይን ኮንትሮለር፥ በዋናው አስተዳዳሪ ፕሮፋይል ውስጥ ነው። ጋሼ ወደ ጥጉ ዞር ብለው «አሮጌው ሣጥን የት አለ?» አሉኝ። ለልምምድ ብዬ ዲስኩን ጠርጌዋለሁ።

ያ ወንድማችን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «እንደ ገና እሄዳለሁ» ብሎ ወጣ። ሄደም። ከአንድ ወር በኋላ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘሁትና እንዴት ሆነልህ አልሁት። «ስድስቱን አግኝቻቸዋለሁ። አንዱ ግን ዐርፈዋል» አለኝ። ከዚህ በላይ ምንም አላለም፤ ትሪውን ይዞ ሄደ። ለመሆኑ በምን ይካሣል? ሰርቨር በገንዘብ ይገዛል፤ የአንድ ሽማግሌ ቃል ግን ከየት ይገዛል?

ታላቁን ክፍል የለወጥነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ እኔ የጋሼን እጅ እየተመለከትሁ ማስታወሻ ጻፍሁ እንጂ አልቀደምሁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ የተነገረ ነው። ምናልባት ከእናንተም መካከል ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ይህ ሥራ የሚገጥመው ይኖራልና፥ የርክክቡን ሥርዓት እንዳየሁት ላስቀምጥ።

በመጀመሪያ የአሮጌውን ሰርቨር ሙሉ ቅጂ ወስደን በሌላ ዲስክ አስቀመጥን፤ ቅጂውም በእውነት የሚከፈት መሆኑን ሞከርን። ቀጥሎ አሮጌው ዘበኛ ጤነኛ መሆኑን መረመርን፤ ታማሚ መዝገብ የሚያወርሰው በሽታውን ጭምር ነውና። በምርመራውም አንድ ነገር ተገኘ። የታላቁ ክፍል መዝገብ መጀመሪያ የተከፈተው በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ዘመን ስለ ነበረ፥ ሲስቮል የሚባለውን የደንቦች ማኅደር በኤፍ አር ኤስ፥ ማለት በጥንቱ ማባዣ ነበር የሚያባዛው። የገዛነው ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ደግሞ ከዚህ ጥንታዊ ማባዣ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ አይደለም። ስለዚህ ዲ ኤፍ ኤስ አር ወደሚባለው ወደ አዲሱ ማባዣ በአራት ደረጃ አሻገርነው። እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ከአራተኛው በኋላ ግን መመለሻ የለም። ጋሼ ሦስተኛው ላይ ቆመው ሁለት ቀን ጠበቁ። እኔ ብሆን ሁለት ደቂቃ አልጠብቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አዲሱን ሰርቨር በራሱ አዲስ ስም አስገባነው። ልብ በሉ፤ አዲስ ዶሜይን አልፈጠርንም። በነበረው ዶሜይን ውስጥ ተጨማሪ ዘበኛ አድርገን ከአሮጌው ጎን አቆምነው። በመጀመሪያ ሁለቱ አልግባባም አሉ። ብንመረምር አንዱ ረዳት የአዲሱን ሰርቨር ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብሎ ሞልቶት ኖሯል! በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ማንነትን የሚያረጋግጠው ኬርበሮስ የተባለው ሥርዓት፥ በተለመደው አሠራሩ፥ በሁለት ማሽኖች ሰዓት መካከል ከአምስት ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገሥም፤ የእኛ ልዩነት ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው። ስቀን አስተካከልነው። ከዚህ በኋላ አሮጌው መዝገቡን ገጽ በገጽ ለአዲሱ አስገለበጠው፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ያን ረጅም ቁጥር ጭምር። የፕሮፋይሎቹ ሁሉ ደኅንነት በዚህ ላይ የቆመ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ የተማሪው ቤት የተማሪው እንደ ሆነ ይቀራል፤ በሰርቨሩ ላይ የነበሩ ሰነዶችም ከነፈቃዳቸው ሲገለበጡ የፈቃዱ ዝርዝር ትርጉሙን አያጣም።

ቀጥሎ ሹመቱ ተዛወረ። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ሰርቨር ብቻ የሚይዛቸው አምስት ሹመቶች አሉ፤ የመዝገቡን ቅርጽ የሚወስን፥ የዶሜይኖችን ስም የሚጠብቅ፥ ለየዘበኞቹ ተራ ቁጥር በ500 በ500 የሚያድል፥ ሰዓትንና የይለፍ ቃል ለውጥን የሚከታተል፥ በዶሜይኖች መካከል ያለውን ዝምድና የሚያስተካክል። እነዚህን ለማዛወር ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ማስተላለፍ፥ ሁለተኛው መንጠቅ ነው። አሮጌው በሕይወት ሳለ ይተላለፋል፤ የሚነጠቀው ሞቶ የማይነሣ ሲሆን ብቻ ነው። ጋሼ አምስቱንም አስተላለፉ። ከዚያም ኮምፒዩተሮቹ የዘበኛውን አድራሻ የሚጠይቁት ከዲ ኤን ኤስ ስለሆነ፥ 60ዎቹም አዲሱን እንዲጠይቁ አደረግን።

አሁን አለቀ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን አሮጌውን አላሰናበቱትም፤ ገመዱን ብቻ ነቅለው «አምስት ቀን እንጠብቅ፤ ማን እንደሚያለቅስ እንይ» አሉ። በሁለተኛው ቀን ማንም ያላሰበው አለቀሰ። በኮሪደሩ ያለው ፎቶ ኮፒ ማሽን ያነሣውን ገጽ ወደ አሮጌው ሰርቨር የሚልክ ኖሯል፤ አድራሻውም በውስጡ በቁጥር ተጽፎበታል። ያን አስተካከልን። በስድስተኛው ቀን አሮጌውን መልሰን አገናኘነውና በሥርዓቱ ከሹመቱ አወረድነው፤ እርሱም ስሙን ከመዝገቡ ራሱ ሰርዞ ወጣ። ዲስኩ ግን ዛሬም በጋሼ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ተቀምጧል፤ ለማንም ልምምድ አልተሰጠም። በእርሱም ቦታ ሁለተኛ አዲስ ሰርቨር ቆመ፤ አንድ ዘበኛ ብቻ ያለው ግቢ ዘበኛው የታመመ ዕለት ይዘጋልና።

በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዎች ገቡ፤ ስማቸውን ጻፉ፤ ሥራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ያቺ እኅታችንም በዚያን ጊዜ ወደ ታላቁ ክፍል ተዛውራ ነበር፤ ከታናሹ ክፍል ትዝታ የተነሣ ፍላሽዋን እንደ ክታብ በአንገቷ አንጠልጥላለች። ዴስክቶፑ ሲከፈት የእናቷ ፎቶግራፍ እንደ ወትሮው ብቅ አለ። ወደ እኔ ዞር ብላ በፍርሃት «ሰርቨሩን ልትለውጡ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ መቼ ነው? ጽሑፌን አስቀድሜ ልገልብጥ» አለችኝ።

«ለወጥነው እኮ» አልኋት።

አላመነችኝም። ጋሼ ከወዲያ ሆነው ኬብል እያሰሩ ፈገግ አሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ አሮጌው ይቆይ ብዬ እየተከራከርሁ አይደለሁም። ያ ሣጥን መሄድ ነበረበት፤ እንዲያውም ዘግይቷል። እኛ ተማሪዎች ግን የያዝነውን ሁሉ ነቅሎ በንጹሕ መጀመርን እንወዳለን፤ ማኅበርም ሲሆን፥ ክበብም ሲሆን፥ መሥሪያ ቤትም ሲሆን። አዲሱ ኮሚቴ ሲመረጥ የአሮጌውን መዝገብ የት እንደ ጣለው የሚያውቅ ስንት ነው? በንጹሕ እንጀምር ስንል ንጹሕ የምናደርገው የሌላውን ሰው ቤት መሆኑን አናስተውልም። አዲሱ አሮጌው ያወቀውን ሳይረከብ ከተሾመ፥ ስማችንን አሳምሮ ይጠራናል፤ ማንነታችንን ግን አያውቅም።

እኔ አሁን በኪሴ ትንሽ ደብተር እይዛለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማንኛውንም አሮጌ ነገር ከመንቀሌ በፊት የምጠይቀውን ጥያቄ ጽፌአለሁ፤ «ይህ የሚያውቀውን ሌላ ማን ያውቃል?» የሚል ነው። መልሱ «ማንም» ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ። ከጥያቄው በታች ሰባት መስመር አስምሬ፥ በስድስቱ ላይ ምልክት አድርጌአለሁ። ሰባተኛው ባዶ ነው።